ሃይላንዱ የደጋውን አየር ይዞ ወረደ

እስቲ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጣርማ በር አናት ላይ የመጨረሻዋን ጉንጭ ውኃ ጠጣሁና ሃይላንዱን በክዳኑ ጥርቅም አድርጌ ከፊቴ ካለው ወንበር ኪስ ወሸቅኩት። ሸዋ ሮቢት ገብተን ላነሳው ብል ሆዱ ወደ ውስጥ ሰምጦ፣ ጎኑ ተጨማድዶ፣ ጎረምሳ በጡጫ የደቃው መስሎ አገኘሁት። ማንም አልነካውም። አጠገቤ የተቀመጡት የመንዝ ሰው፣ ደርበውት የነበረውን ባና ጉልበታቸው ላይ እያጣጠፉ፣ አንዴ ሃይላንዱን አንዴ እኔን አዩና ፈገግ አሉ።

«ምን ነክቶት ነው፣ አባባ?» አልኳቸው።

«አየሩ ነዋ፣ ልጄ። እኛ ቆላ ወረድን፤ እሱ የደጋውን አየር ሆዱ ውስጥ ቋጥሮ መጣ።»

ክዳኑን ፈታ ሳደርገው የቆላውን አየር ሳበና ጧ ብሎ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመለሰ። ልቤም አብሮት ዘለለ።

በዚህ መንገድ ከአዲስ አበባ ደሴ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቆጥሬው አላውቅም። ወይ ተኝቼ ነው፣ ወይ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ የሚለውንም በልጅነቴ ሸምድጄ፣ ፈተና ላይ ዘርግፌ፣ በዚያው ረስቼው ነበር። በዚያች ቀን ግን ያ የጂኦግራፊ ሰንጠረዥ ነፍስ ዘርቶ፣ ባና ለብሶ፣ በግ እየነዳ፣ ግመል እየሳበ ፊቴ ቆመ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ቁልቁለት ውስጥ! ከጣርማ በር ዋሻ አፍ እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,900 ሜትር ገደማ እንወርዳለን። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል ብላችሁ ብታሰሉት፣ አንድ ሰዓት በሚጠጋ ጉዞ አሥራ ሁለት ዲግሪ ይሞቃችኋል ማለት ነው። የሰው ኑሮ ደግሞ ከዚያ አሥራ ሁለት ዲግሪ ጋር አብሮ ይለወጣል፤ ቤቱ፣ ልብሱ፣ እህሉ፣ ከብቱ፣ በሽታው፣ ሌላው ቀርቶ የሰላምታው ርዝመት።

ከደብረ ብርሃን ልጀምር። 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ ናት። ብርዷን የማያውቅ የለም። ማለዳ ወርደን አንዲት ሻይ ቤት ገባን፤ ባለቤቷ ባቄላ ጥዳ ነበር። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው እትዬ?» አልኳት። «ሌሊት የጣድኩት ነው፤ የኛ ባቄላ ቶሎ እሺ አይልም» አለችኝ። ድስቱ ግን ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይዘላል! ነገሩ ወዲህ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሲደርስ አይደለም። አየሩ ስለሳሳ 91 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይንተከተካል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል እሳት ብትማግዱበት የውኃው ሙቀት አይጨምርም። ባቄላው በፈላ ውኃ ውስጥ ሆኖም ቶሎ አይበስልም። ሸዋ ሮቢት ያለች እህቷ ያንኑ ባቄላ በ96 ዲግሪ ትቀቅላለች። ማገዶው ደግሞ ደጋ ላይ እንጨት ሳይሆን በአብዛኛው ኩበት ነው። እንግዲህ ደገኛው ገብሱን ቆልቶ፣ በሶ ፈጭቶ፣ ቆሎውን ኪሱ ሞልቶ ቢወጣ ምን ይደንቃል? ብረት ምጣድ ላይ የሚቆላ እህል የአየሩን መሳሳት ከቁም ነገር አይቆጥርም። የደብረ ሲናን ቆሎ በአገር ያስመሰገነው ይህ ነው ብዬ ባልምልም፣ እኔ ግን ከዚያች ጠዋት ወዲህ ቆሎ በዘገንኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ የሚዘል የድስት ክዳን ነው።

ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን መንዝ አለ። አቤት መንዝ! እዚያ ላይ ጤፍ አይሞከርም፤ ውርጭ አይወድለትም። ገብስ ነው ንጉሡ። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብቱ ሲፈኩ፣ ከተሜው «ምን ያማረ ሌሊት ነው» ይላል፤ የመንዝ ገበሬ ግን ያንኑ ሰማይ አይቶ ይጨነቃል። ደመና የለም ማለት መሬቷ ቀን የጠጣችውን ሙቀት የሚያቅፍላት ብርድ ልብስ የለም ማለት ነው፤ ሊነጋጋ ሲል ውርጩ ይወርድና ያሸተውን ሰብል ያነደዋል። አዎን፣ ውርጭ ያነዳል፤ ቃሉ የገበሬው ነው፣ ደግሞም ልክ ነው። ቅጠሉን ጠዋት ብታዩት እሳት የላሰው ይመስላል።

ወደ በጉ ልምጣ፤ በጉን ሳልነግራችሁ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። የመንዝ በግ ሱፍ አለው። እጃችሁን ጀርባው ላይ ብታሳርፉ ጣታችሁ ይሰጥማል። ያን ሱፍ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል፤ ባና ይሆናል፣ በርኖስ ይሆናል፣ ዘተት ይሆናል። አጠገቤ የተቀመጡት አባባ ባናቸውን አስነኩኝ፤ ይቆረቁራል፣ ይከብዳል፣ የበግና የጢስ ጠረን አለው። «ዝናብ አያስገባም፣ ብርድ አያስገባም፤ ከእኔም አልፎ ለልጄ ይሆናል» አሉኝ። ይህን ቃላቸውን ያዙልኝ፤ ታች ገበያው ላይ ሌላ በግ ይጠብቀናል።

እዚያው መንዝ ውስጥ ደግሞ ጓሳ አለ፤ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የሣር አገር፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ያ ሣር ለመንዝ ሰው ቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ዝናብ የሚከላከል ገሳ ነው፣ በክፉ ቀን ደግሞ የከብት ነፍስ ማቆያ ነው። ዛፍ በማይበዛበት ቀዝቃዛ አናት ላይ ሣር ካለቀ ሁሉ ነገር ያልቃል። ስለዚህ ሰዎቹ ሕግ አወጡለት። ቄሮ ይባላል፤ ወደ 400 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሣሩ ሲጠነክርና የሰው ችግር ሲጸና ቀን ተቆርጦ በአንድነት ይከፈታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም፣ ኅብረተሰቡ ጓሳውን እንደገና በራሱ ጥበቃ ሥር አድርጎታል። ከአየር ጠባይ ሕግ ሲወለድ ማየት የሚፈልግ ካለ ሩቅ አይሂድ፤ ቁሩና ጭንጫው የጻፉት ሕግ እዚያ አለ።

አሁን ወደ ዋሻው። የጣርማ በር ዋሻ ጣሊያን አገራችንን በያዘባቸው ዓመታት የተቦረቦረ ነው፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአዲስ አበባ በኩል ስትገቡ ሜዳውና ገብሱ ከኋላችሁ ይቀራል፤ በወዲያኛው አፍ ስትወጡ አገሩ ከእግራችሁ ሥር ይከዳችኋል። ብዙ ጊዜ ምንም አታዩም፤ ጉም ነው። ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ይወጣል። እኔ ያንን ጉም ዕድሜዬን ሙሉ የደጋ ብርድ የወለደው አድርጌ ነበር የማስበው። ለካስ አብዛኛውን ጊዜ የቆላው ትንፋሽ ነው! ከታች፣ ከአፋር ሜዳ በኩል የሞቀው አየር ገደሉን ተደግፎ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘው እርጥበት ጉም ሆኖ ገደሉ ላይ ይንጠለጠላል። ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ የምንቀጠቀጥበት ጉም ጠዋት ግመል ያላበው አየር ነበር። ከደብረ ሲና ወደ አንኮበር ባለው ገደል ላይ የተንጠለጠለው የወፍ ዋሻ ደን፣ ጥዱና ዝግባው፣ ኮሶው ሁሉ፣ ከዚህ ጉም ይጠጣል።

ከዋሻው በላይ ያለው ሸንተረር ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ስሰማው ቆሜ ቀረሁ። ዝናብ እዚያ ሸንተረር ላይ ይዘንባል እንበል። ሁለት ጠብታዎች ጎን ለጎን ይወድቃሉ። አንዷ ወደ ምዕራብ ታዘነብላለች፤ በበረሳ ወይም በሌላ ወንዝ አድርጋ ጀማ ትገባለች፣ ከጀማ ዓባይ፣ ከዓባይ ሱዳን ገብታ፣ ካርቱምን አልፋ፣ ግብፅ ደርሳ፣ አስዋንን ተሻግራ ሜድትራኒያን ባሕር ትቀላቀላለች። ሌላይቱ አንድ ስንዝር ወደ ምሥራቅ ወድቃ ቁልቁል ትንደረደራለች፤ ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ጥጥና ሸንኮራ አጠጥቶ፣ የአፋርን ከብት አርክቶ፣ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይተናል። አንዷ ጠብታ ባሕር፣ አንዷ ጠብታ ጨው። በመካከላቸው አንድ ስንዝር!

ቁልቁለቱን እንውረድ። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ጆሯችሁ ይደፈናል፤ ዋጥ ስታደርጉ ይከፈታል። ገደሉ ጠርዝ ላይ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ፤ ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘር ሁሉ ኑሮው ሣር የሆነ እነሱ ብቻ ናቸው፣ ማታ ደግሞ ነብር እንዳያገኛቸው ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው ያድራሉ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የያዙ ልጆች መስኮቱን ይከቡታል። ከዚያ በኋላ ባሕር ዛፉ ይሳሳል፤ ጤፍ ይመጣል፤ እርከኑ ላይ ማሽላ ቁመቱን ያሳያል፤ ከዚያ ግራር። አባባ ባናቸውን ያወለቁት ማሽላው ሲጀምር ነበር። ሰዓት አያዩም፣ ከፍታ መለኪያ የላቸውም፤ አካላቸው ያውቃል። ቀና ብዬ ሳይ የመኪናው ሰው ሁሉ፣ አንዱ ሹራቡን፣ አንዷ ነጠላዋን፣ ሕፃኑም ኮፍያውን፣ ማንም ሳያዝዘው በአንድነት እያወለቀ ነው። ያንን ትዕይንት ስንት ዓመት ተኝቼ እንዳለፍኩት ሳስብ አዘንኩ።

ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሽንኩርት፣ ትምባሆ፣ ማሾ። ሙቀት በጠና ጊዜ አልጋ ደጅ ወጥቶ ይታደራል። ሌላም ነገር አለ፤ ወባ። ከ2,000 ሜትር በታች ለትንኟ ይመቻታል፤ ከዚያ በላይ ብርዱ ጥገኛውን ተሕዋስ ከትንኟ ሆድ ውስጥ ሳያድግ ያስቀረዋል። የቀድሞ ሰዎች ትንኟን አላወቁም፣ ንዳድን ግን አወቁ፤ ቆላ ወርዶ አርሶ፣ ደጋ ወጥቶ የማደር ልማድ ከዚህ የመጣ ነው። አብዛኛው ሕዝባችን ለምን ሰፊውንና ሜዳውን አገር ትቶ ተራራ ላይ እንደተጨናነቀ ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ ከመልሱ አንዱ ድርሻ የአንዲት ትንኝና የአንድ የከፍታ መስመር ነው። ያ መስመር ግን ቆሞ የሚቀር አይደለም። በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደምትወጣ አጥኚዎች አሳይተዋል። ደገኛው ለዘመናት የተማመነበት ግንብ ከአየሩ ሙቀት ጋር ሽቅብ እየሸሸ ነው።

አሁን የጉዞዬ ሁሉ ዘውድ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ሰንበቴ።

ሰንበቴ ከአጣዬ አለፍ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ እሑድ እሑድ ግን ትንሽ አይደለችም። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ከየከፍታው ተነሥቶ እዚያ ይገናኛል። «ለምን እዚህ?» አልኩ። ለምን ደብረ ሲና አይሆንም? ለምን በረሃው መሐል አይሆንም? አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሁለት ጣታቸውን አንሥተው መለሱልኝ። በአንዱ ጣት አህያ አሳዩኝ፣ በሌላው ግመል። «ግመል ከዚህ በላይ ይፈራል፤ ቁልቁለት ያንሸራትተዋል፣ ብርድ ይጎዳዋል። አህያ ከዚህ በታች ይጠማል። ገበያው የቆመው ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ነው።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! እንደ ሽማግሌው ከሆነ ገበያውን የተከለው ንጉሥ አይደለም፣ ማዘጋጃ ቤትም አይደለም፤ የግመል እግርና የአህያ ጥም ናቸው። ከሰንበቴ በስተሰሜን የባቲ ገበያም በዚሁ ጠርዝ ላይ የቆመ ነው፤ እሱ ሰኞ ይውላል። የአፋር ጨው አሞሌ ሆኖ የደጋው መገበያያ ገንዘብ በነበረበት ዘመን በዚህ ጠርዝ ላይ ባሉ ገበያዎች ነበር ከግመል ጀርባ ወርዶ በበቅሎና በአህያ ጀርባ የሚጫነው። መሬቱ ራሱ እንዲህ ባለ ጠርዝ ላይ ሸክም የሚለዋወጡ ሰዎችን ይፈጥራል። አርጎባውን ተመልከቱ፤ በደጋና በቆላ መሐል ባለው ወገብ ላይ ሰፍሮ በንግድና በሽመና የኖረ ሕዝብ ነው። ሾንኬ የሚባለው ጥንታዊ መንደራቸው ሜዳውን ትቶ ከኮረብታው አናት ላይ በድንጋይ ቤት ተደርድሯል።

ሁለቱን በጎች ያገኘኋቸው ሰንበቴ ገበያ ላይ ነው። አንዱ የመንዝ በግ ነው፤ ከቀዝቃዛው አገር የወረደ፣ ሱፉ ጭብጥ የሚሞላ፣ ሙቀቱ አስጨንቆት አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ። አጠገቡ የአፋር በግ ቆሟል፤ ሱፍ የሚባል አያውቅም፣ ጸጉሩ አጭርና ልጥፍ ያለ፣ ላቱ ወፍራም፣ እንደ ገንቦ የተንዠረገገ። የአንዱ ሀብት ልብሱ ነው፣ የሌላው ስንቁ፤ ሣር ሲጠፋ ከላቱ ይበላል። ተንበርክኬ አንድ እጄን በአንዱ፣ አንድ እጄን በሌላው ጀርባ ላይ አሳረፍኩ። አንዱ ሞቀኝ፣ አንዱ ቀዘቀዘኝ። ነጋዴዎቹ ከተሜው ምን ነካው ብለው አዩኝ፤ እኔ ግን መነሣት አቃተኝ። የ1,900 ሜትር የከፍታ ልዩነት በሁለት መዳፎቼ መካከል ነበር።

ስለ አፋሮቹ ሰላምታ ብዙ ሰምቼ ነበር፤ ስሙ ዳጉ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ይላሉ። ከየት እንደመጣህ፣ ምን እንዳየህ፣ የት እንደዘነበ፣ የት ሣር እንዳለ፣ የማን ከብት ወዴት እንዳለፈ፣ የት ጸብ እንዳለ ይጠያየቃሉ፤ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ማስተላለፍ ግዴታ ነው። ገበያው ላይ ከጎኔ የተቀመጡት ሁለት አፋሮች ሲያወሩ ቋንቋቸውን ባልሰማም፣ እጃቸው ደመና ያሳይ ነበር። የመንዝ ሰው ዝናቡን ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አፋሩ ግን ዝናቡን እየተከተለ ይሄዳል። ስለዚህ የዚያኛው ቤት ድንጋይ ካብ ነው፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ፤ የዚህኛው የታጠፈ እንጨትና ሰሌን፣ ሴቶቹ ተክለው ሴቶቹ ነቅለው ግመል ላይ የሚጭኑት። የዚያኛው ሕግ ስለማይንቀሳቀስ ሣር ነው፤ የዚህኛው ስለሚንቀሳቀስ ወሬ። ቄሮና ዳጉን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ትምህርት ቤት ካለ ልጄን እዚያ አስመዘግባለሁ።

ይህ መሬት ገና አላረፈም። የወረድነው ገደል የስምጥ ሸለቆ ጫፍ ነው፤ ከታች አፋር ላይ የአፍሪቃ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የመሬት ቅርፊቶች በሦስት አቅጣጫ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የመሬት ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ ተፈጠረ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተፈልቅቋል። ከዚያ ወደ ሰሜን ዳሎል አለ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው። ውርጭ የሚያድርባት ደብረ ብርሃንና ዳሎል በአንድ ባንዲራ ሥር ናቸው።

ዝናቡን ሳልናገር ግን አልጨርስም፤ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ውበት በላይ የተንጠለጠለው እሱ ነው። ይህ ገደል ሁለት ዝናብ ያውቃል። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይመጣል፤ ከዚያ በፊት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያና ግንቦት፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ገደሉን ሲገጨው በልግ ይዘንባል። ለሰሜን ሸዋና ለወሎ ደጋ ገበሬ በልግ የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ ብዙ ቦታ የዓመቱ እንጀራ ነው። በልግ ከቀረ ገብሱ የለም፤ ገብሱ ከሌለ በጉ ይሸጣል፤ በጉ ከተሸጠ ሱፉ የለም። በ1977 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰውን ረሃብ ሁላችንም እናውቃለን። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በፓስፊክ ውቅያኖስ የተነሣው ኤልኒኞ ክረምቱን አዛብቶ ሚሊዮኖችን እርዳታ ጠባቂ አድርጓል። በሌላኛው የዓለም ጫፍ የባሕር ውኃ ሁለት ዲግሪ ሲሞቅ አጠገቤ የተቀመጡት አባባ የሚለብሱት ባና ይመናመናል። ለዚህም ነው የነገርኳችሁን ሁሉ እንደ ጨዋታ እንዳትወስዱብኝ የምለምነው።

ይህ መንገድ በቅርብ ዓመታት ብዙ ሐዘን እንዳየ አውቃለሁ፤ አጣዬና ሸዋ ሮቢት ያሳለፉትን ግጭት የማያውቅ የለም። ሰንበቴ ላይ ግን የቆላው ሰው የደጋውን ገብስ ሲያስመዝን፣ የደጋው ሰው የቆላውን ፍየል ጥርስ ገልጦ ሲያይ ዐይቻለሁ። ሁለቱም በሌላኛው አገር የማይበቅለውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ሙሉ ቆሜ አየኋቸው፤ ባትሪዬ እስኪያልቅ ፎቶ አነሣሁ፤ አሁንም አልጠገብኩም።

እባካችሁ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ሂዱ። የመስኮት ወንበር ያዙ፤ ከደብረ ብርሃን በኋላ አትተኙ። ዋሻው ጋ ስትደርሱ ውኃችሁን ጨርሳችሁ ሃይላንዱን ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉትና ለልጃችሁ አስይዙት። አጠገባችሁ አዛውንት ካሉ ባናቸውን መቼ እንደሚያወልቁ ዐይናችሁን ጣሉ። ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት እደሩ፤ የሰንበቴ ገበያ እሑድ ነው፣ የባቲው ሰኞ።